ዝናብ፣ ወረቀት እና አንድ ነጥብ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው። የጆሃንስበርግ ብርድ ዘንድሮ አልማረኝም። ሱቁን ዘግቼ እዚሁ ካርቶን መሃል ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። ከኋላዬ የሚያጉረመርመው ፍሪጁ ነው፤ እንዳላጠፋው ወተት አለበት፣ ቻሉት።

ዛሬ የማወራው ስለ ክሪኬት ነው። (ሳቅ) አውቃለሁ፣ ግማሻችሁ ልትዘጉት እጃችሁን ሰድዳችኋል። ትንሽ ታገሱኝ።

በፈረንጆቹ 2027 ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ በእኛ 2020 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የክሪኬት የዓለም ዋንጫ እዚህ ይካሄዳል። ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ናሚቢያ ናቸው አዘጋጆቹ። 14 ቡድን ይመጣል፤ 44ቱ ጨዋታ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ8 ሜዳ ላይ ነው የሚደረገው፣ ቀሪው ለሁለቱ ጎረቤቶች ተሰጥቷል። ዱላና ኳስ አለበት ሲባል የገና ጨዋታ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ አይገናኝም። ገና ላይ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ተብሎ ጌታውም በዱላ ይቀምሳል። ክሪኬት ግን አምስት ቀን የሚፈጅ ዓይነት አለው፣ መሃል ላይ ሻይ ለመጠጣት የሚቆም። የዓለም ዋንጫው አጠር ያለው ነው። አንዱ ቡድን 300 ኳስ ይወረወርለታል፣ የቻለውን ያህል መትቶ ነጥብ ይሰበስባል፤ ከዚያ ሌላው በተራው ያንን ቁጥር ያሳድዳል። ለዛሬ ይህ ይበቃናል።

ደቡብ አፍሪካ ይህን ዋንጫ አንድ ጊዜ አዘጋጅታለች፣ በ2003፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ያኔ እኔ ደርባን ነበርኩ። ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ኳማሹ የሚባል ሎኬሽን፣ የጥቁሮች ሰፈር ማለት ነው፣ እዚያ ውስጥ ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ ተሸክሜ በር እያንኳኳሁ በዱቤ እሸጥ ነበር። ይህን ሥራ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትከሻ ላይ የሚተወው ምልክት አለ። ማርች 3 ቀን፣ ሰኞ ማታ ነው። ቀኑን የማልረሳው የአድዋ ማግስት ስለነበር ነው። ገንዘብ ሰብስቤ ስመለስ ከታክሲ ወርጄ ከተማ መሃል ላይ ዝናብ ያዘኝ። የደርባን ዝናብ ደግሞ ባልዲ ነው። ሮጬ ባኒ ቻው የሚሸጥ ቤት ገባሁ። ባኒ ቻው ለማታውቁት፣ ግማሽ ዳቦ ሆዱን ይፈለፍሉትና ወጥ ይሞሉበታል፤ የደርባን ህንዶች ምግብ ነው። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ህንድ ናቸው። አገሬው ሁሉ "አንክል" ይላቸዋል፣ እኔም አንክል አልኳቸው።

ቤቱ ጢም ብሏል፣ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጧል። ጨዋታው እዚያው ደርባን ነው፣ ኪንግስሜድ ሜዳ፣ ደቡብ አፍሪካ ከስሪላንካ። እዚያም እየዘነበ ነው። እንግሊዝኛዬ ያኔ ከ"ሃው ማች" ብዙ አይዘልም። አንክል ግን አዩኝና ዳቦውን እየፈለፈሉ ማስረዳት ጀመሩ። ዛሬ ካላሸነፍን ከምድቡ አናልፍም፤ ዝናቡ ከበረታ ጨዋታው ይቋረጥና አሸናፊው በቀመር ይታወቃል፤ ስለዚህ ከመቋረጡ በፊት ቀመሩ ከሚለው ቁጥር በላይ መድረስ አለብን። ይህን ያህሉን በጣታቸው እየቆጠሩ አስገቡኝ።

ማርክ ባውቸር የሚባለው መቺ አንድ ኳስ መትቶ ከሜዳ አወጣት፤ ስድስት ነጥብ ነው። ቤቱ ጮኸ፣ አንክል ባንኮኒውን በጥፊ አሉት፣ ወጡ ተረጨ። ባውቸር እጁን ጨብጦ ይደሰታል። ቀጣዩን ኳስ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጣት፣ አልሮጠም። ለምን ይሮጣል? ደርሰናል። ከዚያ ዝናቡ ባሰ፣ ተጫዋቾቹ ወጡ።

ከዚያ ቤቱ ውስጥ የሆነውን ነገር እስከዛሬ በትክክል መግለጽ አልችልም። ጩኸቱ በአንድ ጊዜ አይደለም የጠፋው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለ ነው። አንክል ቢላዋውን አስቀመጡ። "ማን አሸነፈ?" አልኳቸው። "ማንም።" "እኩል ወጡ?" "እኩል።" እኩል ከሆነ ታዲያ ለምን ለቅሶ ቤት ሆነ? አልገባኝም።

በኋላ ነው ነገሩን የሰማሁት። የዝናብ ቀመሩ በወረቀት ታትሞ ነው ለቡድኑ የሚሰጠው። በዚያች ሰዓት ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር 229 ነበር። ለባውቸር "229 ይበቃል" ተብሎ መልእክት ተላከለት፤ እሱም በስድስቱ 229 ደረሰ። 229 ግን እኩል የሚያወጣው ቁጥር ነው። ለማሸነፍ 230 ያስፈልግ ነበር። አንድ! ያቺን የመጨረሻ ኳስ ገፋ አድርጎ ቢሮጥ ያልፉ ነበር። አገሪቱ ስንት ዓመት የተዘጋጀችበት ድግስ አንድ ሰው ወረቀት በትክክል ስላላነበበ አለቀ። አምበሉ ሾን ፖሎክ በመስኮቱ ዝናቡን ሲያይ ካሜራ ያዘው፤ ያ ፊት እስከዛሬ ይታየኛል። ወዲያው አምበልነቱን ለ22 ዓመት ልጅ፣ ለግሬም ስሚዝ ሰጡት።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። በ1992ቱ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካውያን ሲድኒ ላይ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው ከ13 ኳስ 22 ነጥብ ሲቀራቸው ዘነበ። ዝናቡ አባርቶ ሲመለሱ የዚያን ጊዜው ሕግ አንድ ኳስ ብቻ ተዋቸው፣ በአንድ ኳስ 21 ነጥብ አምጡ። ዓለም "ይህማ ግፍ ነው" አለ። ዳክወርዝና ልዊስ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የሒሳብ ሰዎች የተሻለ ቀመር ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ በደቡብ አፍሪካ ላይ የደረሰውን ለማረም የመጣው ቀመር ነው በ2003 ደጃፏ ድረስ መጥቶ የጣላት። ተረት ቢሆን "አጋነንከው" ትሉኝ ነበር።

ሌሎቹን ላሳልፋቸው። በ1999 ከአውስትራሊያ ጋር ግማሽ ፍጻሜ ላይ እኩል ወጥተው ቀሩ፤ እንደገና እኩል! በ2024 ባርባዶስ ላይ፣ ከዚህም ባጠረው የክሪኬት ዓይነት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ከ30 ኳስ 30 ነጥብ ብቻ ቀርቷቸው በ7 ነጥብ ተሸነፉ። "ጉሮሯቸው ላይ ይቆምባቸዋል" የሚል ስም ወጣላቸው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። "አገሪቱ እንግዳ ልትቀበል ነው" ሲባል እኔ ከሌላው ሰው ጋር እኩል ደስ አይለኝም። በ2010 የእግር ኳሱ ዋንጫ ሲመጣ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ነበረኝ፣ ሎኬሽን ውስጥ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2008፣ በውጭ አገር ሰው ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ዋንጫው እየተካሄደ ወሬው ይናፈስ ነበር፤ እንግዶቹ ይሂዱ እንጂ እናንተም ትሄዳላችሁ። ይህን የሚለኝ ጠላቴ እንዳይመስላችሁ፤ በየቀኑ ዳቦና ሲጋራ የሚገዛኝ ጎረምሳ ነው፣ እየሳቀ። የፍጻሜው ማታ፣ በእኛ ሐምሌ 4፣ ሰፈሩ ሁሉ ቩቩዜላ እየነፋ፣ እኔና አንድ ወንድሜ የሱቁን ዕቃ ባኪ፣ ፒክአፕ መኪና፣ ላይ እንጭናለን። ስፔን ስታሸንፍ ስኳር ተሸክሜ ነበር። በሌላ ቦታ የተዘረፉ አሉ። እኔ ላይ ምንም አልደረሰም። በማግስቱ ጎረምሳው መጥቶ "ምነው ዘጋህ?" አለኝ። ዕቃውን መልሼ ደረደርኩ።

እና ድግስ ሲባል እንግዳ አለ፣ ባለቤት አለ፤ ደግሞ ጓሮ ያለነው አለን። እኛ የምንቆጥረው እንግዳው የሚሄድበትን ቀን ነው።

ታዲያ ለምን ክሪኬት አወራለሁ? ስለ ታታ ነው። አሁን ሱቄ ያለበት ሕንፃ ዘበኛ ናቸው፣ ስድሳውን ያለፉ። ታታ በነሱ ቋንቋ አባባ እንደማለት ነው። ጁን 14 ቀን 2025፣ ቅዳሜ፣ ስልኬ ላይ ጨዋታ ከፍቼ ሳይ መጡ። ለንደን ሎርድስ ላይ ነው፣ የአምስት ቀኑ ጨዋታ የዓለም ፍጻሜ፣ ከአውስትራሊያ ጋር። እኔ በልቤ "እኚህ ሰው ምን ይገባቸዋል፣ ይህ የነጮች ጨዋታ ነው" ብያለሁ። አላፍርም፣ ብያለሁ። ታታ በርጩማ ስበው ተቀመጡና አያታቸው ነጭ ሱሪ ለብሰው በመንደራቸው ሜዳ ይጫወቱ እንደነበር ነገሩኝ። ምሥራቃዊ ኬፕ ናቸው። እዚያ ጥቁሮች ክሪኬት መጫወት ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ለአገሪቱ የተሰለፈው የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ማካያ ንቲኒም ከዚያው ከገጠር የወጣ ነው። እኔ ከ20 ዓመት በላይ እዚህ ስኖር ይህን አላውቅም ነበር።

የዚያን ቀን አምበሉ ቴምባ ባቩማ ነበር። ኬፕታውን ላንጋ ሎኬሽን ያደገ፣ አጭር ሰው፣ ሲመረጥ "በኮታ ነው የገባው" ሲባል የኖረ። ቴምባ ማለት ተስፋ ነው። እንደኛ ተስፋዬ በሉት። በዋዜማው የጭኑ ጅማት ተጎድቶ እያነከሰ ሲሮጥ ዋለ፤ ውጣ ቢሉት እምቢ ብሎ 66 ነጥብ አመጣ። ኤይደን ማርክራም 136። የሚያሳድዱት 282 ነበር። ሲቃረቡ ታታ ማየት አቆሙ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። "አንተ ቁጠርልኝ" አሉኝ። ቆጠርኩ። ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዷን ሁለት ጊዜ እያየሁ፣ የደርባኑ ወረቀት ትዝ ብሎኝ። አሸነፉ። ታታ ዝም ብለው ትንሽ ቆዩና አንድ ኮካ ገዙ። ሒሳቡን አልቀበልም ብላቸው ተቆጡኝ።

በ2027 ባቩማ 37 ዓመቱ ይሆናል፣ ይኑር አይኑር እንጃ።

ስለ ሁለቱ አዘጋጆችም አንድ ነገር ልበል። ዚምባብዌ ለ2019ም ለ2023ም የማጣሪያውን ውድድር ያዘጋጀችው ራሷ ነበረች፤ አንዴ ሐራሬ ላይ በኤምሬትስ፣ አንዴ ቡላዋዮ ላይ በስኮትላንድ ተሸንፋ በገዛ ቤቷ ቀረች። አሁን በአዘጋጅነቷ በቀጥታ ትገባለች። ናሚቢያ ግን አዘጋጅ ሆናም ቦታ በቀጥታ አልተሰጣትም፣ ማጣሪያውን ማለፍ አለባት። ሠርጉ በግቢህ፣ ድንኳኑ በግቢህ፣ አንተ መግቢያ ካርድ ትጠይቃለህ። ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን አካባቢ ነው። ኦክቶበር 2025 ዊንድሁክ ላይ አዲስ ሜዳ መርቀው በዚያው ቀን ደቡብ አፍሪካን በመጨረሻዋ ኳስ አሸነፉ። ከሁሉም በላይ ልቤ ከናሚቢያ ጋር ነው። ግን ኬንያንም አስታውሳለሁ። በ2003 ከአዘጋጆቹ አንዷ ነበረች፤ ናይሮቢ ላይ ስሪላንካን ጥላ፣ ኒውዚላንድ በጸጥታ ስጋት አልመጣም ስትል ነጥቧን ወስዳ፣ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ያኔ ጎረቤታችን ናት ብለን ደረታችንን ነፍተን ነበር። ከ2011 በኋላ ግን በዓለም ዋንጫው አልታየችም።

ሰዓቱ ሄዷል፣ ወተቱም እኔም መተኛት አለብን።

ጥቅምትና ኅዳር እዚህ ጆሃንስበርግ የጃካራንዳ ወቅት ነው፣ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ ይሆናል። የዝናቡም ወቅት ነው። ጠዋት ፀሐይ ታያለህ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና መብረቅና በረዶ ይወርዳል፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ለታታ ዋንደረርስ፣ እዚሁ ያለው የክሪኬት ሜዳ፣ አብረን እንገባለን ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ቲኬቱን እኔ እገዛለሁ፣ ኮካውን እሳቸው። እና እዚያ ሆኜ ደመናው ሲመጣ ሜዳውን አላይም፤ ተቀያሪዎቹ የተቀመጡበትን ነው የማየው፣ ወረቀቱን የያዘው ሰውዬ ማን እንደሆነ።

ደህና እደሩ።