ትራስ ከመግዛታችሁ በፊት ጋቢ እጠፉ

(ምስል፦ የተነጠፈ አልጋ። ሁለት ትራስ ጎን ለጎን፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ።)

ይህ የእኔና የባለቤቴ አልጋ ነው። በግራ በኩል ያለው ወፍራም ትራስ የእሱ ነው፤ የስፖንጅ ቁርጥራጭ የተሞላ። በቀኝ ያለው ስስ የጥጥ ትራስ የእኔ ነው። ስንጋባ ግን ሁለት ወፍራም ትራስ አንድ ዓይነት አድርገን ከአንድ ሱቅ ነበር የገዛነው፤ አልጋው ላይ ሲታዩ እንዲያምሩ። እሱ ተመችቶት ለጥ ብሎ ያድራል። እኔ ግን በየጠዋቱ አንገቴን ይዞኝ እነሳለሁ። ሰው ከኋላ ሲጠራኝ ሙሉ ሰውነቴን ነበር የማዞረው። ፍራሹ ነው ብዬ ገለበጥኩት። ብርድ ነው ብዬ አንገቴን በሻርፕ ጠቅልዬ ተኛሁ። ወራት አለፉ። አንድ ቀን እናቴ ቤት አደርኩና በዚያ ስንት ዓመት በተኛችበት ጠፍጣፋ የጥጥ ትራስ ላይ ተኝቼ ስነሳ፣ አንገቴ ምንም አላለኝም። ለካ ችግሩ ትራሱ ነበር።

(ምስል፦ ከጎን የታየ የራስና የአንገት ሥዕል። የአንገት አጥንቶች አንድ በአንድ ይበራሉ።)

የአዋቂ ሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ክብደት ቀኑን ሙሉ የሚሸከሙት 7 የአንገት አጥንቶችና ዙሪያቸውን የያዙት ጡንቻዎች ናቸው። አጥንቶቹ እንደ ዱላ ቀጥ ብለው የተደረደሩ አይደሉም፤ ወደ ፊት ለስለስ ያለ ቅስት አላቸው። ሌሊት ጡንቻዎቹ ማረፍ አለባቸው። ራስ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ካደረ ግን በተወጠረው በኩል ያለው ጡንቻ ለሰዓታት እንደተወጠረ ያድራል። ጠዋት አንገት ከሚይዝበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ የትራስ ዋና ሥራው በአንገትና በፍራሽ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። ክፍተቱ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ባለቤቴ ትከሻው ሰፊ ነው፣ የሚተኛውም በጎኑ ነው። በጎን ሲተኛ ትራሱ ከጆሮ እስከ ትከሻ ጫፍ ያለውን ርቀት መሙላት አለበት፤ ያ ለብዙ ሰው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። እኔ በጀርባዬ ነው የምተኛው። በጀርባ ለሚተኛ ሰው የሚሞላው ከአንገት ሥር ያለች ትንሽ ክፍተት ናት። ያ ወፍራም ትራስ እሱን ሲመቸው፣ የእኔን አገጭ ግን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ደረቴ ሲገፋው ያድር ነበር። በሆዱ የሚተኛ ሰው አንገቱ ቀድሞውኑ ወደ ጎን ስለሚዞር በጣም ስስ ትራስ ነው የሚሻለው፤ ጭራሽ ያለ ትራስ የሚመቻቸውም አሉ።

ፍራሹም ይገባበታል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ፍራሹ ለስላሳ ከሆነ ትከሻ ወደ ውስጥ ስለሚሰምጥ ክፍተቱ ይጠባል። ጠንካራ ከሆነ ትከሻ ከላይ ስለሚቀር ክፍተቱ ይሰፋል። ፍራሽ ቀይረው ትራሳቸው በድንገት አልመች ያላቸው ሰዎች ካሉ፣ ትራሱ አልተበላሸም። ክፍተቱ ነው የተለወጠው።

(ምስል፦ በእጅ የተጠረበ የእንጨት በርኩማ፤ እጅ ቀስ እያለ ያዞረዋል።)

ትራስ የግድ ለስላሳ መሆን አለበት ለምትሉ ደግሞ ይህን ተመልከቱ። በደቡብ ኢትዮጵያ በኦሞ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በሐመሮች ዘንድ፣ ወንዶች እንዲህ ያለ በርኩማ ቀን ይቀመጡበታል፣ ሲተኙ ይንተራሱታል። በሸክላ አፈር የተሠራው የፀጉር አበጣጠር እንዳይፈርስ ራስን ከመሬት ከፍ አድርጎ ይይዛል። የጥንት ግብፆችም የሚንተራሱት እንዲህ ባለ መደገፊያ ነበር፤ ሃዋርድ ካርተር በ1922 እ.ኤ.አ. ያገኘው የንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥ በዝሆን ጥርስ የተሠራ ነበረበት። በርኩማ ተንተርሶ ያደገ ሰው በእኛ ስፖንጅ ላይ እንቅልፍ እንቢ ቢለው አይደንቀኝም። ሰውነት የለመደውን ይፈልጋል። አዲስ ትራስ ስትገዙም የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ አንድ ሳምንት ያህል ስጡት።

(ምስል፦ ነጭ ጋቢ ፍራሽ ላይ ይዘረጋል።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሱቅ ሄዳችሁ በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጋችሁ ትራስ አትምረጡ። እጅ አንገት አይደለም። መጀመሪያ እቤት ውስጥ ልካችሁን እወቁ፤ መለኪያው ደግሞ በየቤታችሁ አለ። ጋቢ።

ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ሲታጠፍ ቶሎ ይወፍራል፣ ሲጫኑትም እንደ ስፖንጅ እልም ብሎ አይጠፋም። ጋቢውን በትራስ ስፋት እጠፉትና በለመዳችሁት ፍራሽ ላይ፣ በለመዳችሁት አኳኋን ተኙበት። ትከሻችሁ ፍራሹ ላይ ይሁን እንጂ ጋቢው ላይ አይውጣ። ከዚያ ከቤት አንድ ሰው ከጎናችሁ ቆሞ በስልክ ፎቶ ያንሳችሁ።

(ምስል፦ ሴት በጎኗ ተኝታ፤ ከአፍንጫዋ እስከ ደረቷ መሃል ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል።)

በጎን ከሆነ የምትተኙት ፎቶውን ከፊት ለፊት አስነሱ። አፍንጫችሁ፣ አገጫችሁና የደረታችሁ መሃል በአንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ራስ ወደ ፍራሹ ካዘነበለ አንድ እጥፍ ጨምሩ። ወደ ላይ ከተቀለበሰ አንድ እጥፍ ቀንሱ። አንድ ነጠላ እላዩ ላይ ደርቦ ወይም አንስቶ ማስተካከልም ይቻላል። በጀርባ ከሆነ ፎቶው ከጎን ይሁን። ግንባርና አገጭ እኩል ከፍታ ላይ ቢሆኑ መልካም ነው፤ አገጭ ወደ ደረት ከወረደ በዝቷል፣ ወደ ጣራ ከተንጋለለ አንሷል። እኔ ይህን ስሠራ ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ነው ፎቶ ያነሳኝ፤ ሦስተኛው ላይ ጋቢው ሲቀንስ፣ ከትከሻዬ ላይ አንድ ነገር የወረደ ያህል ቀለለኝ።

ልኩ ሲገኝ ራሳችሁን ሳታነሱ፣ ከጆሯችሁ ሥር የታመቀውን ጋቢ ከፍታ በማስመሪያ ያስለኩ። የእኔ 6 ሳንቲ ሜትር መጣ። የእሱ 13። ያን ቁጥር ይዛችሁ ነው ገበያ የምትወጡት። ልብ በሉ፤ ይህ ራስ ሲያርፍበት ያለው ከፍታ እንጂ ሱቅ ውስጥ ተነፍቶ የሚታየው አይደለም።

(ምስል፦ የተለያዩ የትራስ ሙሌቶች በየሳህኑ።)

ውስጡ ምን ይሁን? እኔ ለጥጥ አደላለሁ፤ ያደግኩበት ስለሆነ። አያቴ የትራሱ ጥጥ ሲጠቀጠቅና ሲቋጠር ፈትታ ታወጣውና ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ከዚያ በደጋን ትነድፈዋለች። የደጋኑ ጅማት ድም ድም ባለ ቁጥር ያ የተቋጠረ ጥጥ እየተፈታ፣ እንደ ጭጋግ እየተነሳ፣ ባዘቶ ይሆናል። መልሳ ስትሞላው ትራሱ አዲስ ነው። የጥጥ ጉድለቱ በወራት ውስጥ መጠቅጠቁ ነው፤ ጥሩነቱ ደግሞ ተፈትቶ ተመልሶ መሠራቱ። ስስ ትራስ ለሚፈልግ ሰው በጣም ይስማማል።

ሜሞሪ ፎም የሚባለውን አሁን በየሱቁ ታዩታላችሁ፤ በጣት ስትጫኑት ጉድጓዱ ቀስ እያለ የሚሞላው ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ዮስት የተባለ መሐንዲስ ለናሳ የአውሮፕላን መቀመጫ ትራስ ሲሠራ ያመጣው ነው። የሚለሰልሰው በሰውነት ሙቀት ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛ ክፍል ይጠነክራል። ደብረ ብርሃን በኅዳር ሌሊት ተኝታችሁበት ድንጋይ መሰለኝ ካላችሁ፣ ዕቃው ተጭበርብሮ ላይሆን ይችላል፤ ብርዱ ነው። በተቃራኒው ሰውነቱ ቶሎ ለሚሞቅ ሰው፣ ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይ ላብ ያመጣበታል።

የተፈጥሮ ላቴክስ ከጎማ ዛፍ ወተት ይሠራል፤ ሲጫኑት ወዲያው ይመለሳል፣ በጎን ለሚተኛ ሰው ከፍታውን ጠብቆ ያድራል፤ ግን ከባድ ነው፣ ዋጋውም ውድ። ላባ ለስላሳ ነው፣ ሌሊት ላይ ግን ከራስ ሥር እየሸሸ ይሳሳል። ፋይበር የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ግን ቶሎ ይሳሳል።

ለአለርጂ ወይም ለአስም የተጋለጠ ሰው ካለ፣ ከሙሌቱ ዓይነት ይልቅ መታጠቡን ይጠይቅ። ትራስ ውስጥ የሚራቡትን በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች የሚገድላቸው ወደ 60 ዲግሪ የሚደርስ ውኃ ነው።

(ምስል፦ አዲስ ሹሩባ የተሠራች ወጣት ትራስ ላይ ቀስ ብላ ትተኛለች።)

ሹሩባ የተሠራችሁ ደግሞ የመጀመሪያዋን ሌሊት ታውቋታላችሁ፤ የራስ ቆዳው ተወጥሮ በየትም በኩል ማረፍ አይቻልም። ያኔ ጠንካራ ትራስ አይሆንም፤ የሚሰምጥ ስስ ትራስ ፈልጉ፣ ልብሱንም ሳቲን አድርጉ፤ ፀጉሩን አይፍቅም፣ ሹሩባውም ቶሎ አይንጨባረርም። ቅቤ ለተቀባ ራስ ግን ሻሹ ላይ ሌላ የጥጥ ጨርቅ ደርቡ፤ ቅቤ ትራሱ ውስጥ ከገባ ሽታው አይወጣም።

ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቃር ሌሊት የሚያስቸግራችሁ ሰዎች ትራስ ከመደራረብ ተቆጠቡ፤ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል እንጂ አይረዳም። የአልጋውን የትራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በጠንካራ እንጨት ከፍ ማድረግ ይሻላል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ትራስ የሚባል ነገር አታስጠጉ። "አንገቱ እንዳይጎብጥ" ብለው የሚያስገቡለት እናቶች በፍቅር እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ፊቱ ከገባበት ማውጣት አይችልም፤ ሊታፈን ይችላል። ለጥ ያለ ፍራሽ ይበቃዋል፣ በጀርባው ይተኛ።

(ምስል፦ ካሜራው ወደ ወፍራሙ ትራስ ይጠጋል። መቀስና መርፌ።)

አዲስ ትራስ የመግዛት አቅም ከሌለ ያለውን ማስተካከል ይቻላል። የባለቤቴ ትራስ ሲለካ 16 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ የእሱ ልክ 13። የጎኑን ስፌት አንድ መዳፍ ያህል ፈታሁና ሦስት እፍኝ ስፖንጅ አወጣሁ። ተኛበት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ ትንሽ ቀረኝ። አንድ እፍኝ ደግሜ አወጣሁና ሰፋሁት። ያወጣሁት ስፖንጅ አሁን በአንድ ፌስታል ተቋጥሮ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ፤ ትራሱ ሲሳሳ መልሼ እጨምርለታለሁ።