አየሩ ለማን ያደላል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

ባሕር ዳር ላይ ጣና ሐይቅን የወረረውን አረም፣ እምቦጭን፣ ካነሳችሁ ሁሉም የየራሱ ተከሳሽ አለው። አንዱ ማዳበሪያውን ይላል፣ ሌላው ቸልተኝነታችንን። የአየር ንብረት ለውጥ ስትሉ ግን «ተዉት ባካችሁ፣ የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚላችሁ አይጠፋም። እኔ አልስማማም።

እምቦጭ አገሩ አማዞን ነው። ጣና ላይ ትኩረት የሳበው በ2011 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ነቅላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አንገቱ ያበጠ ነው፤ ጫን ስትሉት ውስጡ አየር ብቻ። ከታች ጥቁር ጭገር የመሰለ ሥር ይንጠለጠላል፣ ምግቡን ከውኃው የሚመጠው በሱ ነው። ምግቡስ ከየት መጣ? የሞቀ አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፣ ሲያወርደውም ዶፍ አድርጎ ነው። ያኔ ርብና ጉማራ ወንዞች የማሳውን አፈር ከነማዳበሪያው ጠራርገው ሐይቁ ውስጥ ይከቱለታል።

ሲደርቅ ደግሞ ሌላ ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሐይቁ ሲሸሽ፣ እርጥቡ ጭቃ ፀሐይ ሲያገኝ፣ ብቅ ይላል። ጎርፉም ድርቁም ለሱ ይሠራሉ ማለት ነው። የሚያናድደኝ ይሄ ነው! ሙቀቱንም ቢሆን የሚወደው ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ጣና እስካሁን ትንሽ ይበርደዋል፣ አየሩ ሲሞቅ ግን ይመቸዋል።

ማሳው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያወራው ነገር አለ። አየሩ ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከሚሊዮን እጅ 280 ገደማ ነበር፣ አሁን ከ420 አልፏል። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ጋዙን ቅጠላቸው ውስጥ አጠራቅመው የሚጠቀሙበት ዘዴ አላቸው፤ ቢጨመርላቸው ብዙም አይጠቅማቸውም። እንክርዳድና ሜች የሚባሉት አረሞች ዘዴው የላቸውም፣ ስለዚህ ጭማሪው ለነሱ ሲሳይ ነው። እርግጥ ሙቀቱ ሲበረታ ጤፍም ይችላል፣ ዝም ብሎ አይሸነፍም።

ችግሩ ማረሚያው ጊዜ ነው። ዝናቡ ሲዛባ ማሳው ይጨቀያል፣ እጅ አይገባም። ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ረጭተን እንገላገላለን ብትሉ ሜችን ይገድላል፣ ሣሩን እንክርዳድ ግን አይነካውም።

ደምቢያና ፎገራ ያላችሁ አድማጮች፣ ዘንድሮ ሐይቁ ሲሸሽ ጭቃው ላይ መጀመሪያ ምን በቀለ? በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው አሰማዋለሁ።