የድሮ የጣሊያን ሶፋ ስትጫረቱ መጀመሪያ ስፖንጁን እዩ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ሶፋ ነው የምናወራው። በጨረታ ስለሚሸጡት የድሮ የጣሊያን ዲዛይነር ሶፋዎች። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራላችሁ፣ እሺ?

ይሄን እዩልኝ። ካማሌዮንዳ ይባላል። ጣሊያናዊው ዲዛይነር ማሪዮ ቤሊኒ በ1970 የነደፈው ነው። 90 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ድቡልቡል መቀመጫዎች። ማያያዣው ገመድ፣ መንጠቆና ቀለበት ነው። ትፈቱታላችሁ፣ ትገጥሙታላችሁ። ዛሬ ረጅም ሶፋ፣ ነገ አልጋ። በ1972 ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ ባዘጋጀው የጣሊያን ዲዛይን ዐውደ ርዕይ ላይ ቀርቧል። እኔ ከሶፋ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይሄን ነው።

ውስጡ ግን ምንድን ነው? ስፖንጅ ነው። ፖሊዩሪቴን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት። የዚያ ዘመን የጣሊያን ሶፋ ጉዳይ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ድፎ ዳቦን አስቡት። ሊጡን ድስት ውስጥ ትገለብጡታላችሁ። ኩፍ ይላል። ኩፍ ብሎ ድስቱን ይሞላል፣ የድስቱን ቅርፅ ይይዛል። ስፖንጁም እንደዚያው ነው። ፈሳሾቹ ይቀላቀላሉ፣ ቅርፅ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳሉ፣ ጋዙ ኩፍ ያደርጋቸዋል። ለዚህ ነው ማዕዘን የሌለው ሶፋ እንደ ልብ መሥራት የተቻለው። አሁን ዳቦው ወጣ እንበል። ትኩስ ነው፣ በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ብቅ ይላል። ሲሰነብትስ? ይደርቃል። ስትነኩት ይፈረፈራል። የ50 ዓመት ስፖንጅም እንዲሁ ይፈረፈራል። እሱን የሚጨርሰው አየር፣ ብርሃንና እርጥበት ነው። ዚፑን ከፈት ስታደርጉ ጣታችሁ ላይ ቢጫ ዱቄት ከቀረ፣ አለቀለት።

ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የምትሉኝ ነገር አለ። «የሶፋው ልብስ ከተቀየረ ኦሪጅናል አይደለም» ትላላችሁ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጥሩ ሆኖ የቆየ የመጀመሪያው ቆዳ ዋጋ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን ልብሱ ተቀየረ ማለት ሶፋው የውሸት ሆነ ማለት አይደለም። ሶፋ ይቀመጡበታል፣ ልብስ ያልቃል፣ ይቀየራል። እንዲያውም ልብሱ የሚያምር፣ ውስጡ ግን የፈራረሰ ሶፋ ነው ሰው የሚያከስረው። ኦሪጅናልነቱን ከሥሩ ፈልጉት። መሠረቱን፣ መንጠቆዎቹን፣ የፋብሪካውን ምልክት እዩ። ካማሌዮንዳን የሠራው ድርጅት መጀመሪያ ሲ ኤንድ ቢ ኢታሊያ ነበር። ቼዛሬ ካሲናና ፒዬሮ ቡስኔሊ በ1966 ያቋቋሙት ነው። ከ1973 ጀምሮ ቢ ኤንድ ቢ ኢታሊያ ተባለ። ስለዚህ ትክክለኛ የሲ ኤንድ ቢ ምልክት ያለበት ሶፋ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው ማለት ነው። ይሄ ነገር በጣም ደስ ይለኛል! አንድ ሌላም አለ፤ ካማሌዮንዳ በ2020 እንደገና መመረት ጀምሯል። አዲሱን የድሮው ነው ብለው እንዳይሸጡላችሁ።

ጨረታውን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልለፈው። የጨረታ ቤቱ የዋጋ ግምት አለ፣ ሻጩ ከዚያ በታች አልሸጥም የሚለው ዋጋ አለ፣ መዶሻው የሚወርድበት፣ ማለትም ያሸነፈው ዋጋ አለ። በመዶሻው ዋጋ ላይ የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን ይመጣል። ኮሚሽኑ 25 በመቶ ከሆነ፣ በ10,000 ዩሮ ያሸነፋችሁት ሶፋ 12,500 ገባ። ታክስና ማጓጓዣ ገና ነው። ስፖንጁ የሚታደስ ከሆነ የእሱንም ጨምሩና ከዚያ ነው እጅ ማውጣት።

ሳትጫረቱ በፊት የይዞታ ሪፖርት፣ ማለትም ዕቃው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ጠይቁ። የሥሩን ፎቶ ጠይቁ። «ስፖንጁ ተቀይሯል ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ሚላን ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ከጨረታው በፊት ዕቃው ለእይታ ሲቀርብ ሄዳችሁ በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት። ተመልሶ ካልተነሳ ነገሩ ግልጽ ነው።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ቻናሉን የሚያቆየው እሱ ነው። በሚቀጥለው የዲዛይነሮቹን የአፍራና የቶቢያ ስካርፓን ሶሪያና እናያለን። በ1970 ኮምፓሶ ዶሮ የተባለውን የጣሊያን የዲዛይን ሽልማት ያገኘው፣ ቆዳው በብረት ማቀፊያ ተጨምድዶ የተያዘው ሶፋ ነው። ስለሱ ጥያቄ ያላችሁ ከአሁኑ ጻፉልኝ።