ሰኔ ዘግተን ሐምሌ ለምን አንነቃም?

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ከረማችሁ? ሰኔ ላይ ነን። ባሕር ዳር ቢሮ የሚሠራ ሰው ወሬው አንድ ነው፤ በጀት መዝጊያ። ማወራረድ፣ ቆጠራ፣ ሪፖርት። ሰኔ 30 ይዘጋና ሐምሌ 1 ሁሉም ትኩስ ሆኖ ይነሳ ይባላል። አይነሳም። አይነሳም! ዛሬ የማወራው ስለ ሥራ መዛል ነው፤ ፈረንጆቹ በርንአውት የሚሉት።

ጣናን እዩት። ውሃው በዓመት ውስጥ ዝቅ የሚለው ሰኔ አካባቢ ነው። ሐምሌ ዝናቡ ይወርዳል። ታዲያ ሐምሌ ይሞላል? የት! ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ ሲያስገቡለት ከርመው፣ ጢም የሚለው መስከረም ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ሲተኛ ውሎ "ዛሬም ደከመኝ" የሚል ሰው ያገኘው የመጀመሪያዋን ዝናብ ነው። ቆዩ፣ አልጨረስኩም፤ ይቺን ምሳሌ እወዳታለሁ።

(ምስል፦ ጨረጨራ)

እዚህ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ ውሃውን የሚቆጣጠሩ በሮች አሉ። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ አጥሮ፣ በበሩም ብዙ ውሃ ወጥቶ፣ ሐይቁ መርከብ እስኪቸገር ድረስ ወረደ። ከምሽቱ 3 ሰዓት የቢሮ ቴሌግራም የሚመልስ ሰው በሩን ከፍቶ ዝናብ ይጠብቃል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ድምፁን ዝጉት።

ቴክኒኩን ቶሎ ልበለው፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መዛልን ከሥራ የሚመጣ ክስተት ብሎታል፤ በሽታ አላለውም። ጉልበት ይሟጠጣል፣ ሥራው ይጠላል፣ የሠራችሁት ሁሉ ከንቱ ይመስላል። ከሥራ ውጭም ሁሉ ነገር ካስጠላችሁና ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ይኸው ነው።

አሁን "ቡና ሦስቱንም ስጠጣ ይለቀኛል" ወደምትሉኝ ልምጣ። አይለቃችሁም! ድካምን የሚያሳብቀው አንጎል ውስጥ የሚጠራቀም አዴኖሲን የሚባል ነገር ነው። ካፌይን ቦታውን ይይዝበታል እንጂ አያጠፋውም። ካፌይኑ ሲለቅ የተጠራቀመው ባንዴ ይመጣል። ግማሹ እስኪወጣ ደግሞ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ በረካ የጠጣ ሰው፣ ማታ 4 ሰዓት አልጋ ላይ ሲወጣ ግማሹ አብሮት ይወጣል። እናቶች እንዳትቆጡኝ፤ ቡናውን አልከለከልኩም። ከ8 ሰዓት በፊት ይሁን። የማታውን በረካ ምርቃቱን ተቀበሉ፣ ስኒውን ለጎረቤት አሳልፉ።

ሌላው ስድብ ነው። ሂሳቡ በ270 ብር አልገጥም ሲል "ደደብ ነኝ" ይጀመራል። ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ አሃዝ ተገለባብጦ ሊሆን ይችላል፤ 850 የነበረው 580 ተብሎ ገብቷል። ይህ የደከመ ዓይን ሥራ ነው። ለሥራ ባልደረባችሁ "አይዞህ፣ ውጣና ተናፈስ፣ አብረን እናየዋለን" ትሉ የለ? ለራሳችሁም በሉት፤ 10 ደቂቃ ውጡና ተመለሱ።

ፈቃድስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። አንድ አንድ ቀን እየቆረሳችሁ ለለቅሶና ለሠርግ አትጨርሱት፤ ቢያንስ አንዱን ሳምንት ሳትቆርሱ ውሰዱ። ፎርሙን አሁኑኑ ሙሉ፤ ሐምሌ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ሰብስክራይብ!