ኢራናዊቷ ተማሪ የት ላይ ምልክት ታድርግ?

(በሎስ አንጀለስ ለሕክምና ትምህርት ለሚያመለክቱ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ እንድናገር ስጋበዝ «ስለ ኢራናውያን ልጆች ልናገር» አልኩ። «የኛ ልጆች ጉዳይ መች አለቀና!» ያሉኝ አልጠፉም። ጉዳዩ የኛም ነው። ፌርፋክስ ላይ ካለችው ሊትል ኢትዮጵያ ተነስቶ ኢራናውያን የሞሉበት ዌስትዉድ ለመድረስ ብዙ መንዳት አያስፈልግም። ልጆቻችን ከልጆቻቸው ጋር አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራሉ፣ ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው ለኤምካት አብረው ያጠናሉ፣ ማመልከቻውንም በአንድ ሰሞን ይሞላሉ። ዘር የሚጠይቀው ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን የኛዋ ልጅ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ታልፋለች፤ ኢራናዊቷ እዚያው ትቆማለች። «አንቺማ ነጭ ነሽ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» የሚል ቃል ከኛ ልጆች አፍ ሲወጣ ሰምቻለሁ። ዛሬ የመጣሁት ይህ ቃል ልክ አይደለም ለማለት ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ። በ1977 የወጣው የፌዴራል መንግሥት መመሪያ «ነጭ» የሚለውን ሲተረጉም፣ የአውሮፓ፣ የሰሜን አፍሪካ ወይም የመካከለኛው ምሥራቅ ቀደምት ሕዝቦች ዝርያ ያለው ሁሉ ነጭ ነው አለ። በዚህ መሠረት የኦስሎም ሰው የቴህራንም ሰው አንድ ቦታ ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኢራን አብዮት ፈነዳ። 52 አሜሪካውያን ቴህራን ውስጥ 444 ቀን ታግተው ሲቆዩ፣ እዚህ አገር የነበሩ ኢራናውያን የደረሰባቸውን ስድብና ማስፈራሪያ የዚያ ዘመን ሰዎች ያስታውሱታል። «ከየት ነህ?» ሲባሉ ኢራናዊ ነኝ ከማለት ፋርስ ነኝ ማለትን የመረጡ ብዙ ነበሩ። በጥር 2017 ደግሞ የሰባት አገር ዜጎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ሲታገድ ኢራን አንዷ ነበረች። ቅጹ ላይ ነጭ የተባለው ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወንበር ይዞ እንዲጠብቅ ተደረገ። ለዚህ ሰው ልጅ ነጭነቷ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

«እሺ፣ ፋርስ ብላ ትጻፍ» ትሉ ይሆናል። ማመልከቻዋን አብሬያት ያየሁላት አንዲት ተማሪ አባቷ የታብሪዝ አዘሪ ነው፤ እናቷ የሺራዝ ሰው ናት። ፋርስ ነኝ ብትል የአባቷን ወገን ትተዋለች። ኢራን ውስጥ ኩርድ አለ፣ ሉር አለ፣ ባሉች አለ፣ ዓረብ አለ፣ ቱርክመን አለ፤ አርመን፣ አሦራዊ፣ አይሁድ፣ ዞራስትሪያን አለ። ዩኒቨርሲቲ መግባት የሚከለከሉት ባሃኢዎችም አሉ፤ ልጃቸው እዚህ ሐኪም ልሁን ስትል ለወላጆቿ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ሲሞላ ያየን፣ ከሁለት ወገን የተወለደ ልጅ አንዱን ብቻ ተናገር ሲባል የሰማን ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገንም።

ለምን ግን መቆጠር አስፈለገ? ሐኪም ስለሆንኩ መልሴም ከሕክምና ነው። ለቀዶ ሕክምና በሽተኛውን ስናስተኛ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት ጡንቻን የሚያፍታታ ሳክሲኒልኮሊን የሚባል መድኃኒት አለ። ኃይሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። መድኃኒቱን የሚሰብረው ኢንዛይም በውርስ የጎደለው ሰው ግን ለሰዓታት መተንፈስ አቅቶት በማሽን ላይ ይቆያል። ይህ ጉድለት ከኢራን በመጡ አይሁዶች ዘንድ ከሌላው ሕዝብ በጣም በዝቶ ይገኛል። ይህን የሚያውቅ የማደንዘዣ ሐኪም አስቀድሞ ስለ ቤተሰብ ይጠይቃል፤ መዝገቡ ላይ «ነጭ» የሚለውን ብቻ ያነበበ ምን ብሎ ይጠይቅ? በካስፒያን ባሕር ዳርቻ የሚበዛው፣ ታላሴሚያ የሚባለው በውርስ የሚመጣ የደም በሽታም እንዲሁ ነው። ሰፊው ስም እኛንም ጎድቶናል። የኩላሊትን አቅም በምናሰላበት ቀመር ውስጥ ለ«ጥቁር» ሰው የሚጨመር ቁጥር ነበር፤ የታመመውን ኩላሊት ከእውነቱ የተሻለ አስመስሎ ያሳይ ነበር፤ የንቅለ ተከላ ወረፋ ያዘገየባቸው ሰዎች አሉ። የተነሳው በ2021 ነው።

አሁን ወደሚያሻክረው ነገር ልምጣ። ብዙዎች የሚያስቡት ስለ ጥቅም ነው። «እነሱ እኮ ሆስፒታሉን ሞልተውታል፤ ሌላ ስም የፈለጉት ቦታችንን ሊሻሙ ነው» ይባላል። እውነቱን እንነጋገር፦ በዚህ ከተማ ኢራናውያን ሐኪሞች ብዙ ናቸው። የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ከ2003 ጀምሮ በሙያው ውስጥ በቁጥር አንሰዋል የሚላቸው፣ ከሕዝብ ቁጥራቸው ጋር ሲነጻጸር ያነሱትን ነው። ኢራናውያን በትክክል ቢቆጠሩ አላነሱም ሊባል ይችላል። ይባል! መቆጠርና መጠቀም ሁለት ነገር ነው፤ ያልተቆጠረ ሕዝብ ግን በዝቷልም አንሷልም ብሎ መናገር አይቻልም።

እኛስ? ምልክት አድርገን የምናልፍበትን ቦታ የከፈቱት ሌሎች ናቸው። የአገሪቱን ሕክምና ትምህርት ቤቶች ከገመገመው ከ1910 የፍሌክስነር ሪፖርት በኋላ፣ ከነበሩት ሰባት የጥቁሮች ሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘግተው ሐዋርድና ሜሃሪ ብቻ ቀሩ። የአሜሪካ ጥቁሮች ልጆች ለብዙ አሥርተ ዓመታት በእነዚያ ሁለት በሮች ተጋፍተው ነው ሐኪም የሆኑት። በ1978 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው፣ ባኪ የተባለ ነጭ አመልካች የከሰሰበት ክርክርም የተነሳው በዚሁ በካሊፎርኒያ፣ በዴቪስ ሕክምና ትምህርት ቤት ለአናሳ ወገን ተማሪዎች ተለይተው በተያዙ 16 መቀመጫዎች ምክንያት ነው። አብዛኞቻችን ያኔ እዚህ አልነበርንም። ይህን ታሪክ የምታውቅ ልጅ ጓደኛዋን ከበሩ ላይ አትገፋም።

ለነገሩ ምልክቱ ራሱ ዛሬ ነጥብ አያስገኝም። ካሊፎርኒያ ከ1996 ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በ2023 በመላ አገሪቱ፣ ዘርን ለመግቢያ መመዘኛ ማድረግን ከልክለዋል። ጥያቄውን ሳይመልሱ ማለፍም ይቻላል። ፍርድ ቤቱ የተወው አንድ ነገር አለ፦ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር ራሱ ሲጽፍ ማንበብ አልተከለከለም። ለዚያ ያላችሁ በማመልከቻው የግል ጽሑፍ ውስጥ ከነክፍተቱ 5,300 ፊደል ነው።

ያች ተማሪ ስለ አያቷ ጻፈች። አያቷ ቋንቋዋ አዘሪ ነው፤ ሆስፒታሉ ኢራናዊት መሆኗን አይቶ የፋርሲ አስተርጓሚ አመጣላት። አሮጊቷ አክብሮት ይዟት ለተባለችው ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያለች ራሷን ነቀነቀች። ማታ ልጅቷ የመድኃኒት ሳጥኑን ስትከፍት፣ አያቷ የደም ማቅጠኛውን ክኒን ጠዋትም ማታም ልትውጠው ለይታ አስቀምጣው አገኘች፤ የታዘዘው በቀን አንዴ ነበር። የጻፈችው ይህን ነው፤ ክኒኑን፣ የአያቷን እጅ፣ ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው አብራት መሄዷን። ፋርስ ናት ወይስ አዘሪ የሚለው ክርክር ጽሑፉ ውስጥ የለም፤ ያነበበው ሰው ግን ማን እንደሆነች ያውቃል። ልጆቼ፣ እናንተም እንዲህ ጻፉ። አባባ ታክሲ ሲነዳ ስላደረበት ሌሊት፣ እማማ ከሐኪሙ ፊት ስለዋጠችው ሕመም ጻፉ።

ቅጹም እየተለወጠ ነው። በመጋቢት 2024 የወጣው አዲስ መመሪያ የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ ሰዎችን ከ«ነጭ» አውጥቶ ለብቻቸው አስቀምጧቸዋል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ2029 አጠናቀው እንዲተገብሩት ይጠበቃል። በምሳሌነት ከተጠሩት አንዱ «ኢራናዊ» ነው። በ«ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» ሥር ከተጠሩት መካከል ደግሞ «ኢትዮጵያዊ» አለ። ከአንድ በላይ መምረጥም ይፈቀዳል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ቅጹን ስትሞላ ትከሻዋ ላይ ቆማችሁ «ይኼ ያዋጣል» አትበሏት። ተማሪዎች፣ ነገ ላብራቶሪ ስትገቡ «ነጭ ነሽ» ያላችኋት ጓደኛ ካለች፣ ቤተሰቧ ከየት እንደሆነ ጠይቋት፤ ስትነግራችሁም ቁጭ ብላችሁ ስሟት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።