«17 ይላል፣ የአምና ነው»፦ ስለ ሞተር ጎማ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

እሁድ ጠዋት በስልክ ሰዓታችን ስለ ሞተር ሳይክል ጎማ የደወላችሁ ከጠበቅነው በላይ ነበራችሁ። መስመሩም ሁለቴ ተቋርጦብናል። በአየር ላይ ተጣድፌ ያሳጠርኩትንም፣ ሰዓቱ አልቆ ሳይመለስ የቀረውንም እዚህ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ። ከደሴም ከኮምቦልቻም ነው የደወላችሁት፤ ሞተራችሁም ከትንሹ ቦክሰር እስከ 1300 ሲሲ ነው። በትልቁ ልጀምር።

ከኮምቦልቻ፦ «ያማሃ ኤፍጄአር 1300 አለኝ። ወደ አገሩ ከሚመለስ ሰው ነው የገዛሁት። የኋላ ጎማው መሃሉ ጠፍጥፎ አልቋል። በወር ሁለቴ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ደግሞ በየቀኑ ነው የምወጣው የምወርደው። ምን ዓይነት ጎማ ልዘዝ? ጓደኛዬ የስፖርቱን ግዛ፣ አስፋልት የሚነክሰው እሱ ነው ይለኛል።»

ጓደኛህ የነገረህ ግማሹን ነው። የስፖርት ጎማ ይነክሳል፣ የሚነክሰው ግን ከሞቀ በኋላ ነው። አሁን አስበው፤ ሐምሌ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ከደሴ ተነስተህ፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ከአንድ አይሱዙ ኋላ በ30 እና በ40 እየተጎተትክ ሐረጎን ስትወርድ ያ ጎማ የት ቦታ ላይ ነው የሚሞቀው? ኮምቦልቻ ትገባለህ እንጂ እሱ አይሞቅም። ያልሞቀ የስፖርት ጎማ በእርጥብ ኩርባ ላይ ከተራው ጎማ ያነሰ ነው የሚይዘው። ቢሞቅልህም እንኳ አዲስ አበባ ጥቂት ጊዜ ተመላልሰህ መሃሉን ትጨርሰዋለህ።

ላንተ የሚሆነው ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ነው። ጥሩዎቹ በሁለት ዓይነት ላስቲክ ይሠራሉ፤ መሃሉ ጠንከር፣ ግራና ቀኙ ለስለስ ያለ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ የሚበላው መሃሉ ስለሆነ ጠንካራው እዚያ ይሆናል። ኩርባ ላይ ስታጋድል መሬት የሚነካው ጎኑ ስለሆነ ደግሞ የሚይዘው ለስላሳ እዚያ ይሆናል። ላስቲኩ ውስጥ ሲሊካ ስለሚቀላቀልበትም በቅዝቃዜና በዝናብ ቶሎ ይይዛል፣ እስኪሞቅ አይጠብቅም። ለደሴ ክረምት ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

የአሁኑ ጎማህ የጠፈጠፈው ከከሚሴ ወዲያ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ሜዳ በልቶት ነው። ጥርሱ ገና ቢኖረውም እንኳ የጠፈጠፈ ጎማ አመሉ ክፉ ነው። ሞተሩን ልታጋድለው ስትል መጀመሪያ እምቢ ይልሃል፣ ከዚያ ጠርዙን ሲያልፍ ባንድ ጊዜ ወደቅ ይላል። ሐረጎ ላይ ይህን ሳታየው አልቀረህም።

ስም ጥራ ካልከኝ፦ ሚሸሊን ሮድ 6፣ ብሪጅስቶን ቲ32፣ ፒሬሊ ኤንጅል ጂቲ 2፣ ሜትዘለር ሮድቴክ 01። ከነዚህ የትኛውን ብታገኝ አልከራከርህም። የምከራከርህ በምልክቷ ነው። የአንተ ሞተር ነዳጁ ሲሞላ ወደ 290 ኪሎ ነው፤ አንተ፣ ሻንጣህና ከኋላ የምትጭነው ሰው ሲጨመር አስበው። ለእንዲህ ያለው ከባድ ሞተር አምራቾቹ ውስጡን አጠንክረው ለብቻ የሚሠሩት አለ። ሚሸሊን «ሮድ 6 ጂቲ» ይለዋል፣ ብሪጅስቶን «ቲ32 ጂቲ»። ፒሬሊ ላይ ግን እንዳትሸወድ፤ እዚያ ጂቲ የሁሉም ስም ነው፣ የከባዱ ምልክት ከመጨረሻ በቅንፍ የምትጻፈው «ኤ» ናት።

መጠኑ ፊት 120/70 ዜድአር 17፣ ኋላ 180/55 ዜድአር 17 ነው። 180 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 55 ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 55 በመቶ ነው ማለት ነው። «አር» ራዲያል፣ ማለትም የውስጥ ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው የተዘረጉ ነው፤ 17 የቸርኬው መጠን በኢንች። ከዚያ ወዲያ 73 ደብሊው ይላል፤ 73 ማለት 365 ኪሎ ይሸከማል፣ ደብሊው ማለት እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል። በኛ መንገድ 270 ማን ይነዳል እንዳትለኝ። ፊደሏን የሙቀት መቻያ ናት ብለህ ውሰዳት፤ ሻንጣ ጭነህ በከሚሴ ፀሐይ ለሰዓታት ስትነዳ የምታድንህ እሷ ናት። ዝቅ ያለ ፊደል፣ ዝቅ ያለ ቁጥር አትቀበል።

የፊቱንም አብረህ መቀየር ካልቻልክ አብሽር፣ የኋላው ቀድሞ ማለቁ የታወቀ ነው። ብቻ ራዲያልን ራዲያል ካልሆነ ጎማ ጋር አታጋባ።

ይኸው ሰው ቀጠለና፦ «180 ካጣሁ 190 ባስገባስ? ሰፊ ይበልጥ አይይዝም? ካልሆነ ደግሞ የመኪና ጎማ የሚያስሩ አሉ ይባላል።»

190 ያንተ ቸርኬ ላይ ይገባል፣ ግን ይጨመቃል። ቸርኬህ 5.5 ኢንች ነው፤ ሰፊውን ጎማ ከሁለት ጎን ቆንጥጦ ይይዘውና መሃሉ ሾጠጥ ይላል። ስፋት ገዝተህ መሬት የሚነካውን አጣህ ማለት ነው። ጠብቀህ 180 ግዛ።

የመኪና ጎማ የሚያስሩ መኖራቸው እውነት ነው፣ ሜዳ አገር ላይ ረጅም ኪሎ ሜትር ይሰጣቸዋል። የመኪና ጎማ ግን የተሠራው ለማያጋድል ነገር ነው። ከቸርኬው ጋር የሚነክስበት ጠርዙም ከሞተር ቸርኬ ጋር አይገጥምም። ሐረጎ ላይ? እኔ በእግሬ እወርዳለሁ።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ «ከአንድ ሱቅ የኋላ ጎማ ገዛሁ። ሻጩ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አሳይቶኝ 'ይኸው 17 ይላል፣ የአምና ነው' አለኝ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አየሁ። ምን ሆኖ ነው?»

ቁጥሩን አንብብልኝ ስለው «2117» አለኝ። ከደወላችሁልኝ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እንደኛ ያለ የራሱ ዘመን አቆጣጠር ያለው አገር ብቻ የሚገባበት ወጥመድ ነው።

እነዚያ አራት ቁጥሮች ጎማው የተሠራበትን ጊዜ ነው የሚናገሩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው! 2117 ማለት የ2017 እ.ኤ.አ. 21ኛው ሳምንት ነው፣ በኛ ግንቦት 2009። ሻጩ በኛ አቆጣጠር አንብቦ የአምና ያደረገው ጎማ ስምንት ዓመት አልፎታል። ሰውየው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። እሱም ከገዛበት እንዲያው ተነግሮት ይሆናል።

ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ውስጡ ያለው ዘይት እየወጣ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ከከረመማ ይፈጥናል። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፣ 10 ዓመት ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም ይጣል ይላሉ። እኔ ለአዲስ ጎማ አዲስ ዋጋ ስከፍል ከሁለት ዓመት በላይ የሆነውን አልወስድም። የተሰነጠቀውንማ መልስለት፣ ካልተቀበለህ ለጋሪ ስጠው።

ቁጥሯ በትንሽ ሞላላ ክበብ ውስጥ ነው ያለችው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለምትገኝ ጎማውን አገላብጡት። ከአዲስ አበባ የምታዝዙ ደግሞ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት «የቁጥሯን ፎቶ በቴሌግራም ላክልኝ» በሉ። እጅግ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ጎማ ካያችሁም ጠርጥሩ፤ ያረጀውን ወልውሎ የሚያሳምር አይጠፋም።

ከሸዋ በር፣ አንዲት እናት፦ «ልጄ በሞተር ነው የሚያደርሰኝ። ጎማው ልሙጥ መስሎ ታየኝ። እሱ ግን 'እማ፣ ገና ጥርስ አለው' ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?»

እናቴ፣ ሳይጨቃጨቁ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ጎማው ጎን ላይ፣ ከጥርሱ ጠርዝ አጠገብ፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም «ቲደብሊውአይ» የሚሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደሎች አሉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ መሃል ሲመጡ በጥርሱ ጎድጓዳ ውስጥ ጉብ ያለች ድልድይ ያገኛሉ። ድልድይዋ ከጥርሱ እኩል ከሆነች ጎማው አልቋል፣ ልክ እርስዎ ነዎት። ዝቅ ብላ ከታየች ደግሞ የክብሪት እንጨት ይውሰዱና ድልድይዋ የሌለችበት ጎድጓዳ ውስጥ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። ከጥርሱ እኩል የሆነበትን ቦታ በጥፍርዎ ያዙና በተማሪ ማስመሪያ ይለኩት። በጋ ከሆነ ትንሽ ይታገሣል። ለክረምት ግን፣ ያውም በኮብልስቶን ለሚመላለስ፣ 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ እኔ አስቀይራለሁ። ጎድጓዳው እኮ ውሃ መሸኛ ነው፤ ከሌለ ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

መሃሉን ይለኩ እንጂ ጎኑን አይለኩ። ልጅዎ «ጥርስ አለው» የሚለው ጎኑን እያየ ይመስለኛል።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ «በሥራ ምክንያት በባቲ አድርጌ ሚሌ እወርዳለሁ። ቆላ ስገባ ጎማው በሙቀት እንዳይፈነዳ ብዬ ባቲ ላይ ትንሽ አስተነፍሰዋለሁ። ልክ ነኝ?»

አይደለህም። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ ግን ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጎማን የሚያፈነዳው የንፋስ ማነስ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ይቀደዋል።

ከደሴ 2,500 ሜትር ግድም ተነስተህ ሚሌ 500 ሜትር ግድም ስትወርድ ሁለት ነገር ይሆናል። ሙቀቱ ስለሚጨምር በጎማው ውስጥ ያለው አየር ይገፋል፤ የትልቅ ሞተር የኋላ ጎማ ላይ ይህ ብቻውን ከ3 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት አሃድ) በላይ ይጨምራል። በሌላ በኩል ቆላ ላይ የውጭው አየር ክብደት ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 3 ፒኤስአይ ቀንሶ ያሳይሃል። ይኸው ተጣጡ። የቀረው ስትነዳ የሚመጣው ሙቀት ነው፣ እሱን ደግሞ አምራቹ አስቦበታል። ባቲ ላይ ጎማው እንደሞቀ 4 ፒኤስአይ ካስተነፈስክ፣ በማግስቱ ጠዋት ቀዝቅዞ ስትለካው ከሚገባው በ4 ያነሰ ጎማ ነው የምታገኘው። ያንን ይዘህ ነው ዳገቱን ከነጭነትህ የምትወጣው።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ለትልቁ ስፖርት ቱሪንግ ፊት 36፣ ኋላ 42 የተለመደ ነው፤ ሞተርህ ላይ የተለጠፈው ወይም መጽሐፉ የሚለው ግን ይበልጣል። የጎሚስታው መለኪያ ስንት ጊዜ መሬት እንደወደቀ አታውቅም፤ ትንሽ የኪስ መለኪያ ገዝተህ ያዝ።

ከገራዶ፣ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ወጣት፦ «ቦክሰር ነው ያለኝ። ለጭቃው ብዬ ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ላድርግበት?»

ቀንህን የምታሳልፈው ጭቃ ላይ ከሆነ አድርግ። አብዛኛው መንገድህ አስፋልትና ኮብልስቶን ከሆነ ግን ተው። በትልልቅ ጥርሶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሰፊ ስለሆነ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚያርፈው ላስቲክ ትንሽ ነው፤ ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል። መካከለኛ ጥርስ ያለውን ፈልግ። ጎማ ስትቀይር ደግሞ ካላማዳሪያውንም ቀይር። አሮጌው ተለጥጦ አድጓል፣ አዲሱ ጎማ ውስጥ ይታጠፍና እጥፋቱ ላይ ይበሳል።

ከኮምቦልቻ፣ በመጨረሻ የደወለ፦ «አዲስ ጎማ አስገጥሜ ከጎሚስታው ቤት ሳልወጣ አንሸራተተኝ። ጎማው ፎርጅድ ይሆን?»

ላይሆን ይችላል። አዲስ ጎማ ላዩ ልስልስ ነው፣ ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የወጣበት ገጽታ ገና አልተፋቀም። የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ እንቁላል ያዘው፤ በደረቅ መንገድ፣ ቀስ በቀስ እያጋደልክ።

ግን አገጣጠሙንም ተመልከት። ጎኑ ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት አለ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት መንገድ ላይ አስቀይሬ፣ ቸኩዬ ሳላይ ወጣሁ። በዝናብ የኋላው ሲዋልል ሞተሩን ስጠረጥር፣ ንፋሱን ስለካ ከረምኩ። አንድ ቅዳሜ ጭቃውን ሳጥብ ቀስቱ ወደ ኋላ ሲያሳየኝ አየሁት። ጥርሱ ውሃውን ወደ ውጭ መሸኘት ሲገባው ወደ መሃል ሲሰበስብልኝ ነበር የከረመው። ጎሚስታውን ልሳደብ ፈለግኩ፤ ግን ቀስቷ እኮ እኔም ፊት ነበረች።

ከቀስቷ ሌላ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ የምትዞረውን ቀጭን መስመር እያት። ዙሪያውን እኩል ካልታየች ጎማው በደንብ አልተቀመጠም። ተንፍሶ፣ ጠርዙ በሳሙና ውሃ ተቀብቶ እንደገና ይነፋ። በግሪስ ወይም በናፍጣ የሚቀባ ካየህ አስቁመው። ቢጫ ነጥብ ካለችበት ቫልቩ ጋ ትሁን። ባላንስም ይሠራለት።

ይህ ሁሉ ልክ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ደረቅ ከሆነ ወደ ከሚሴ ደርሰህ ተመለስ። ሐረጎን ለሌላ ቀን አቆየው።