ያጠረው ክታብ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ እዚህ ጎንደር፣ ባለፈው ክረምት ለእህቴ ሁለት ሴቶች ልጆች ማታ ማታ ስነግራቸው ስለ ከረምሁት ተረት ነው። ተረቱ የሁለት እህትማማቾች ጀብዱ ሲሆን፣ ታላቂቱ ዐሥራ አንድ፣ ታናሺቱ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የአድማጮቼም ዕድሜ እንዲሁ ነበር፣ በአጋጣሚ አይደለም።

መጀመሪያ የቸገረኝ እነዚህን ምትሃት የሚያውቁ የተረት ልጆች ምን ብዬ እንደምጠራቸው ነው። «ጠንቋይ» ማለት አልፈለግሁም፤ በእኛ ዘንድ ቃሉ ሰው የሚሸሸው እንጂ ልጅ የሚወደው አይደለም። ደግሞም እንዲህ ያለ ስም በጎንደር ቀልድ ሆኖ አያውቅም። ከከተማችን በስተሰሜን ባለችው ወለቃ ብረት እየቀጠቀጡና ሸክላ እየሠሩ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን፣ አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል እስኪወሰዱ ድረስ፣ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል። ማረሻውንና እንስራውን ከእጃቸው ገዝቶ ዐይናቸውን መፍራት!

ስለዚህ «አስማተኞች» አልኋቸው፤ ተረቱም ከዚሁ ቃል ወጣ። አስማት በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ ደብተራዎች በክታብ ላይ የሚጽፉት የተሰወሩ ስሞችን በመሆኑ ቃሉ ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም ያዘ። የእኔም እህትማማቾች መሣሪያቸው ስም ብቻ ነው፤ የበሩን እውነተኛ ስም ከጠሩት በሩ ይከፈታል።

ክታብ ሲጻፍ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ይለካ ነበር፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። በተረቴ የታናሺቱ ክታብ የተለካው በአምስት ዓመቷ ነው፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አድጋለች። አንድ ሌሊት ታላቋ በፋሲል ግቢ ውስጥ፣ በምድር መንቀጥቀጥና በኋላም በእንግሊዞች የአውሮፕላን ቦምብ በተጎዳው፣ ጣሪያ በሌለው የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ተይዛ ትቀራለች፤ ደጁ ላይ ሁሉም ጅብ የሚለው አንድ ነገር ተኝቷል። ታናሺቱ ከባቷ በታች ምንም የሚጠብቃት ሳይኖር መግባት አለባት።

እዚህ ላይ ትንሿ የእህቴ ልጅ ብርድ ልብሱን ገልጣ እግሯን አየች። በማግስቱ ጠዋት የእናቷን መቀነት ይዛ ከበሩ መቃን ጋር ቆማ ስትለካካ አገኘኋት።

እኔ ያሰብሁት ክታቡ በተአምር እንዲረዝም ነበር። ይህን ስናገር ታላቋ ቀና ብላ፣ «አክስቴ፣ ክታቡ ከረዘመማ ልጅቷ ምኑን ደፈረች?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ተረት ነጋሪ ሲሰንፍ ልጅ ይነቃበታል። መልሼ አፈረስሁት። ክታቡ እንዳጠረ ይቀራል፤ ታናሺቱ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ፣ እግሯን ብርድ እየቆረጠማት ትሄድና፣ ሌሎች ያወጡለትን ስም ሳትጠራ፣ «አንተ ራስህን ማን ትላለህ?» ብላ ትጠይቀዋለች።

ምን ብሎ እንደሚመልስላት ግን አልቆረጥሁም ነበርና ሦስት ሌሊት «ነገ» እያልሁ አሳለፍኋቸው።

በሦስተኛው ሌሊት፣ እስከዚያ ቀን ሰው ካላስከተለች ከቤት የማትወጣው ትንሿ፣ ብቻዋን በሩን ከፍታ በጓሮ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ሰማኋት። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ጅብ ይጮኻል። በመስኮት ሳይ፣ ከግቢው መካከል በባዶ እግሯ ቆማ ወደ ጨለማው አንድ ነገር ትናገራለች። ተመልሳ ከአጠገቤ ስትተኛ እግሯ በረዶ ሆኖ ነበር።

«አልነገረኝም» አለችኝ።